እኔንም ይጠርጥሩኝ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና የእትዬ ጃንጥላን ታሪክ ከመስኮቷ መጀመር ይሻላል። እናት አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ይቺኛዋን ያወጣላት ሥራዋ ነው። ጃንጥላ ጠጋኝ ነበረች። የምትኖረውም የምትሠራውም በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ፣ ከጫማ ሰፊው ሱቅ ሥር ባለች ምድር ቤት ውስጥ ነው። መስኮቷ ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ስለነበር የሚያልፈው ሰው ከጉልበቱ በላይ አይታያትም። ሰፈርተኛውን የምታውቀው በጫማው ነበር። ተረከዙ የተበላው ዳቦ ጋጋሪው ነው፤ ማሰሪያው ተፈትቶ የሚጎተተው ጋዜጣ አዟሪው ነው። ጥቁርና የተወለወለ ጫማ መጥቶ መስኮቷ ፊት ቆም ካለ ግን መርፌዋን ታስቀምጥና እጇን ወደ ደረቷ ትልካለች። ወረቀቷ ያለው እዚያ ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚሉት ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ ለእሷ የቤት ደንብ ነበር። ዳቦ ስትገዛ ከሥሩ ገልብጣ ታያለች። ሰላምታውን ያበዛባትን ሰው «ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ይሆን» ብላ መንገዱ ጥግ እስኪታጠፍ ድረስ በዓይኗ ትሸኘዋለች። ልጇ ታዲያ፣ «እማዬ፣ ፀሐይ ስትወጣ እንኳ ማን ላካት ብለሽ ትጠይቂያለሽ» እያለች ትስቅባት ነበር። እሷም አትቆጣም። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ በር ይጠብቃል፣ ቤት የሚቆመው እንዲህ ነው ትላለች።

እንዲህ ሆና ግን አልተወለደችም። በአያቷ ዘመን ሰው ድንበር የሚሻገረው ቅርጫቱን አንጠልጥሎ «እንደምን አደራችሁ» እያለ ነበር። አያቷ ከወንዙ ማዶ ላለች እህቷ እንቁላል ስትወስድ፣ ጠባቂው ቅርጫቱን ገለጥ አድርጎ «ትኩስ ነው?» ከማለት በቀር የጠየቃት ነገር አልነበረም። ፊቷ ወረቀቷ ነበር። ኋላ ትልቁ ጦርነት መጣ። አገሮች ሁሉ በራቸውን ዘጉ፣ ለበሩም ቁልፍ አበጁለት፤ ቁልፉን ፓስፖርት አሉት። ጦርነቱ ሲያልቅ ይከፈታል የተባለው በር እንደተቆለፈ ቀረ። እሷና ባሏ ያን ጊዜ ሸሽተው እዚህ ከተማ ገብተዋል። አንድ ቀን ባሏ ጋዜጣ ይዞ መጣና ተቀምጦ አነበበላት። ከአገር ወጥታችሁ የቀራችሁ ሁሉ ከእንግዲህ ዜጎቻችን አይደላችሁም ይላል። አገራቸው ፈታቻቸው። ሚስት እንኳ ስትፈታ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ዳኛ ይጠየቃል። እነሱ የተፈቱት በጋዜጣ ነው፤ ያውም ከጫማ ቀለም ማስታወቂያ ሥር።

አገር የሌለው ሰው ወረቀት የለውም። ወረቀት የሌለውን ሰው ደግሞ ፖሊስ ይዞ ድንበር አሻግሮ ይጥለዋል፤ የወዲያኛው ፖሊስ «ይሄ የእኛ አይደለም» ብሎ መልሶ ይጥለዋል። ስንቱ እንዲህ እንደ ኳስ ሲመላለስ ከከረመ በኋላ መንግሥታቱ ተሰብስበው መከሩና፣ ለእነዚህ አገር አልባዎች አንድ የጉዞ ወረቀት ይሰጣቸው አሉ። ደብተር አልነበረም፤ ተጣጥፎ ኪስ የሚገባ አንድ ነጠላ ወረቀት ነው። ፎቶ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ጥጉ ላይ ደግሞ የአንድ ሪዛም ሰውዬ መልክ ያለበት ቴምብር ይለጠፍበታል። ወረቀቱ እንዲሰጥ የደከመው እሱ ነው አሉ። ሰዉ ሁሉ ሪዛሙን ሲመርቅ እትዬ ጃንጥላ ቴምብሩን ወደ ብርሃን ይዛ አየችው። እኔን ሳያውቀኝ ለእኔ የሚደክም ሰው ምን ቢፈልግ ነው ብላ ጠየቀች። ባሏም፣ «የተፈታሽ ሴት ነሽ፤ ማን ያውቃል፣ አይቶሽ ይሆናል» ብሎ አሳቃት። ያ ሰው ቀልድ ያውቅ ነበር።

ወረቀቱ በዓመቱ ይታደሳል። ማሳደሻው ቢሮ ያለው ከተማውን ለሁለት ከሚከፍለው ወንዝ ባሻገር፣ ከድልድዩ ማዶ ነው። ባሏ አንድ ፀሐያማ ጠዋት ሄዶ ወረቀቱን በመስኮቱ አስገባ። ከውስጥ የተቀመጠው ጸሐፊ ተቀበለውና «ነገ ና» አለው። ባዶ እጁን ሲመለስ ድልድዩ ላይ ፖሊሶች አስቆሙት። ወረቀትህ ሲሉት መስኮቱ ጋ ነው አለ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው አሉት። በዚያው ዕለት ከሌሎች ጋር ጭነው ድንበር አሻገሩት፤ የወዲያኞቹም መለሱት፤ ሲወረወር ሲመለስ ደረቱን ብርድ መታውና አንድ የባቡር ጣቢያ መጋዘን ውስጥ አረፈ። የታደሰው ወረቀቱ ግን ተዘጋጅቶ መስኮቱ ጋ እየጠበቀው ነበር። ለእሷ አልሰጧትም፤ ባለቤቱ ራሱ ይምጣ አሏት።

ከዚያ ወዲህ ነው የዝናብ ልማድ የመጣው። ዝናብ ሲጥል የድልድዩ ፖሊሶች ጎጇቸው ውስጥ ይገባሉ፤ መንገደኛውም ጃንጥላውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ስለሚሮጥ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ አገር አልባው ሁሉ ወረቀቱን ለማሳደስ ሰማይ እስኪጠቁር ይጠብቃል። ዶፍ በወረደ ቀን የቢሮው ሰልፍ እስከ ጥግ ድረስ ይደርሳል። ጸሐፊው፣ ጫማ ሰፊው «አቶ ነገ» ብሎ ስም ያወጣለት ሰውዬ፣ እነዚህ ሰዎች ለምን በዝናብ ብቻ እንደሚመጡ ዕድሜውን ሙሉ አልገባውም። ጃንጥላ የሌለው ከእትዬ ጃንጥላ ይዋሳል። ታዲያ እሷ እንዲሁ አታውስም። ባርኔጣውን ማስያዣ ትወስዳለች። የዝናብ ቀን ምድር ቤቷ የገባ ሰው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ባርኔጣ አይቶ ባርኔጣ ሰፊ ናት ወይ ሊል ይችላል።

ዝናቡ ግን የራሱን መዘዝ አመጣ። የስንቱ ወረቀት በስብሶ ስሙ ወደ ፎቶው ፈሰሰ። እሷ ታዲያ ምን አደረገች፤ የጃንጥላ ጨርቅ ውሃ እንዳያስገባ የምትቀባውን፣ በተልባ ዘይት የቀለጠ ሰም አምጥታ ወረቀቷን ከፊትም ከኋላም አሸችው። እንደ ቅጠል አንጸባረቀ። ጎረቤቶቿ አይተው የእኛንም እሺልን ሲሉ እምቢ አለች። የሰው ወረቀት አልነካም፤ ነገ አንድ ነገር ቢሆን እትዬ ጃንጥላ ናት ያበላሸችው ልትሉኝ ነው አለቻቸው። ቅር አላቸው። ኋላ ግን ያቺን እምቢታዋን መርቀዋታል።

እንዲህ እያለች ስትኖር ከጎረቤት አገር፣ ከታላቅ እህቷ ዘንድ ደብዳቤ መጣ። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ያሳደገቻት ይቺ እህቷ ናት። እግሬ ከድቶኛል፣ ዓይኔም ሊከዳኝ ነው፣ ሳይጨልምብኝ መልክሽን ልየው ይላል። እትዬ ጃንጥላ አነበበችው፣ አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው። የእህቷ ጽሕፈት አልነበረም። ሰው ጽፎላት ይሆናል፤ ወይም ደግሞ እሷን ከዚህ ለማስወጣት የታሰበ ነገር ይሆናል። መጨረሻው መስመር ላይ ግን «ጉበኗ ላይ የተኛሽው» የሚል አለበት። ልጅ ሳለች እህቷ እስክትመለስ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ እንቅልፍ እንደሚወስዳት ከእህቷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ያን ጊዜ አለቀሰች።

ልጇ ልብስ ማጠቢያ ቤት ትሠራ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል። ባሏ መርከበኛ ነው፤ የሚመለስበትን ራሱ መርከቡም አያውቀው። ከእናቷ በቀር ዘመድ የላትም። ደብዳቤውን አንብባ የእናቷን የጉዞ ወረቀት አወጣችና ጀርባውን ገልብጣ ብዙ ጊዜ ያነበበችላትን ነገር እንደገና አነበበችላት። ይህ ወረቀት ያዢውን ከአገር ያስወጣል፤ ተመልሶ የመግባት መብት የሚሰጠው ግን ያ መብት በማኅተም ሲጻፍበት ብቻ ነው ይላል።

መሄጃ ሰጥቶ መመለሻ የሚነሳ ምን ይባላል? እትዬ ጃንጥላ መልሱን ታውቃለች። አባራሪ ይባላል።

«ሄደሽ ብትቀሪስ?» አለች ልጇ።

«ማን፣ እኔ?»

«አክስቴ ታማለች፣ አንቺም ታዝኚላታለሽ፣ እሷም ቅሪ ትልሻለች። ከዚያ ማኅተም የለኝም ብለሽ ትልኪብኛለሽ።»

እናትየው ልጇን አየቻት። ከእሷ የወጣች መሆኗን በዚያች ቀን ይበልጥ አመነች። መጠርጠሯ አላስቀየማትም፤ አንጀቷን ነው የበላት። «ስትወልጂ እጅሽን የምይዘው እኔ ነኝ» አለቻት። «መመለሻውን ሳላስመታ እግሬን አላነሣም።»

በሳምንቱ ሰማዩ ደመነ፣ አካፋም፤ ሄደች። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ወረቀቷን ዘረጋችለት። አቶ ነገ ቀጭን፣ እጅጌው እንዳይቆሽሽ ጥቁር ጨርቅ ክርኑ ድረስ የሚያጠልቅ ሰው ነው። የመመለሻውን ማኅተም አነሣ፣ ቀለም ነከረ፣ አሳረፈው። ድንጋይ ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ሆነ። ቀለሙ ነጠብጣብ እየሆነ ተሰበሰበና ወረደ። ደግሞ መታው፤ ያው። በአውራ ጣቱ ጠረግ ቢያደርገው ምንም እንዳልነበረ ጠፋ።

«ይሄን ምን ቀብተሽው ነው?»

«ሰም ነው፣ ጌታው። ዝናብ እንዳያስገባ።»

«ዝናብ ነው ወይስ ፍቀሽ የጻፍሽው እንዳይታይ?»

ወደ መብራቱ ያዘው። የተልባው ዘይት ወረቀቱን ስላሳሳው የሰውየው ጣቶች በወረቀቱ ውስጥ አልፈው ይታያሉ። ድምፁን ለስለስ አደረገ። ተዪውና ሂጂ፣ እናስመረምረዋለን፣ ደህና ከሆነ አዲስ ይሰጥሻል፣ ነገ ነይ አላት። ውሃ የሚወስደው እያሳሳቀ ነው። «ነገ» የምትለዋን ቃል ስትሰማ የባሏ ጀርባ፣ በዚያ በፀሐያማው ጠዋት ከበሩ ሲወጣ ያየችው ጀርባው፣ ዓይኗ ላይ መጣ። ጸሐፊው ወረቀቱን የመስኮቱ ደፍ ላይ ሲያሳርፈው ላፍ አድርጋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

እቤቷ ገብታ የከሰል ካውያውን አጋለች። የጃንጥላ ጨርቅ ላይ ሰም ሲበዛ የምታነሣው እንዲያ ነው። ወረቀቱን በሁለት ቀለም መጣጭ ወረቀት መሐል አድርጋ በቀስታ ተኮሰችው። ሰሙ እየቀለጠ ወደ መጣጩ ሄደ። ደስ አላት። ዘይቱ ግን የሚነቀል ነገር አይደለም፤ ያው እንደሳሳ ቀረ። መጣጩን ስታነሣው ደግሞ ሪዛሙ ሰውዬ አብሮ ተነሣ። ሙቀቱ ሙጫውን አልቅቆት ቴምብሩ መጣጩ ላይ ተለጥፏል። ነቅላ በቦታው ብትመልሰው ዘመም አለ። መጀመሪያ ያልተጭበረበረው ወረቀት አሁን የተጭበረበረ መሰለ። ካውያውን አስቀምጣ ሪዛሙን ዓይን ዓይኑን አየችው። አንተንም ጠርጥሬህ ነበር አለችው።

ወሬ እግር አለው፤ ጫማ ሰፊው ከላይ ወረደ። እሱም አገር አልባ ነው፤ ሥራው ጫማ፣ ሙያው ቀልድ። ግን ቀልዱ ውስጥ ጥያቄ ይበዛል። ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ የማን ወረቀት መቼ ያልቃል ይላል። እትዬ ጃንጥላ ጆሮ ጠቢ ይሆናል ብላ ከጠረጠረችው ዓመታት አልፈዋል። ሰውየው በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ማኅተም የሚቀርጽ ሰው እንደሚያውቅ በሹክሹክታ ነገራት። በድንች የሚጀምር በጎማ የሚጨርስ ባለሙያ ነው፣ ወረቀትሽን ስጪኝና መመለሻውን አስመትቼልሽ ልምጣ አላት።

«አንተ ምን አገባህ?» አለችው።

«ጎረቤት ነኝ።»

«ጎረቤትማ ስኳር ነው የሚያውሰው።»

ሳቀና ተነሣ። ደረጃው ላይ ቆሞ፣ እንግዲህ በዚህ ዓይነት የሚቀብርሽ ሰው ሲመጣ እንኳ አካፋውን የት አገኘኸው ልትዪው ነው አላት። በልቧ ግን ወረቀቷን ብትሰጠው ይዞ በቀጥታ ፖሊስ ዘንድ ሲሄድ እየታያት ነበር። ደግሞም እውነቱን ቢሆንስ? ሐሰተኛ ማኅተም ይዛ ስትመለስ ድንበር ላይ ብትያዝ ልጇ ብቻዋን ልትወልድ ነው።

ከእህቷ ሌላ ደብዳቤ መጣ። አጭር ነው። አንዱ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ሁለተኛውም ጥላ ጥላ ብቻ ነው የሚያሳያት። እንግዲህ ወረቀቱን አስረክቦ አዲስ ከመጠበቅ ሌላ መንገድ እንደሌለ ገባት። ለዚያ ደግሞ ዝናብ ያስፈልጋል። ዝናብ እምቢ አለ። ዘመኗን ሁሉ ዝናብ ሲቀር ሥራ የሚቀርባት ሴት ናት፣ ሰማይ ማየት አዲሷ አይደለም፤ እንዲያ ያለ ሰማይ ግን አይታ አታውቅም። እንደታጠበ ሰሐን ጠርቶ ቀረ። ጠዋት ጠዋት በመስኮቷ የሚያልፈው ጫማ ሁሉ አቧራ የለበሰ ነው። ልጇ ከሥራ ስትመጣ ሆዷን ታያለች፣ ከዚያ ሰማዩን ታያለች። አንድ ቀን መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና ነጠላ ጫማዋን በደህናው ጫማዋ ቀየረች። የባሰ አታምጣ ብላ በፀሐይ ወጣች።

ድልድዩን ስትሻገር ወረቀቷ ደረቷ ውስጥ ስለነበር ብዙም አልፈራችም፤ ማንም አላስቆማትም። የፈራችው መመለሻውን ነው። ሰልፉ አጭር ነበር፤ በፀሐይ የሚመጣ የለማ። ከፊቷ የነበሩት ወረቀታቸው የሚቃጠልባቸው፣ ምርጫ ያጡ ሰዎች ናቸው። ዞር ስትል ጫማ ሰፊው ከኋላዋ ቆሟል።

«ተከትለኸኝ ነው?»

«ቀኔ አልቋል፣ እትዬ። የእኔም ወረቀት እንደ አንቺው በዓመቱ ነው የሚሞተው።»

«በፀሐይ?»

«አንቺስ በምን መጣሽ?»

ተራዋ ደረሰ። ወረቀቷን በመስኮቱ አስገባችና ጥጉን ሳትለቅ ቀረች። አቶ ነገ ሳበ። እሷም ሳበች። ሰውየው ቀና ብሎ አያት፤ ያቺ ባለ ሰሟ ሴት መሆኗን ለየ።

«ልቀቂ እንጂ።»

«ወረቀቴን መቀበልዎን ይጻፉልኝና እለቃለሁ።»

«እንዲህ ያለ ነገር አንጽፍም።»

«ለምን?»

«ተጽፎ አያውቅማ።»

ከኋላ ጫማ ሰፊው፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ እዚህ ግን ሞኙ ከመስኮቱ ወዲህ ይሁን ወዲያ አልታወቀም አለ። ሰልፉ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። አቶ ነገ ፊቱ ቀላ። ወረቀቱን ጎንበስ ብሎ ሲያየው ሪዛሙ ዘሟል። ይሄ ቴምብር ተነቅሎ የተለጠፈ ነው፣ ወረቀቱም ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ሐሰተኛ ነው ብዬ ብጠረጥርሽ የት ልትገቢ ነው አላት። ፖሊስ ቢጠራ ሩቅ አይደለም፤ ሁሉም ያውቃል።

እትዬ ጃንጥላ ጥጉን ግን አልለቀቀችም። ምን እንደምትል አስባ አልመጣችም ነበር፤ አፏ ነው የቀደማት።

«ይጠርጥሩኝ» አለች። «መጠርጠርዎን ግን ይጻፉልኝ።»

«ምን?»

«የእገሊት ወረቀት አጠራጥሮኝ ይዤዋለሁ ብለው ይጻፉ። ነገ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ፣ አለቃዎ መቼ ያዝከው፣ ከማን ያዝከው ሲሉዎት ምን ሊሏቸው ነው?»

ሰውየው እጁ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ቆመ። መስኮቱ ወዲህ ያለው ብቻ አይደለም የሚፈራ። ከጀርባው ባለው በር፣ ባለ መስታወቱ፣ የአለቃው ጥላ ወዲያ ወዲህ ይላል። አቶ ነገ ጥላውን አየ፣ የዘመመውን ቴምብር አየ። ከዚያ ከጠረጴዛው ዳር ብጣሽ ወረቀት ቀደደና ጻፈ። ቀለም ነክሮ ማኅተም መታበት። ይህኛው ማኅተም ሸርተት አላለም፤ ብጣሹ ላይ ጥርት ብሎ ተቀመጠ። ብጣሹን በመስኮቱ ሲያወጣላት እሷ ጥጉን ለቀቀች። በአንድ እጇ ተቀብላ ነው በሌላው የለቀቀችው።

ከመስኮቱ ዞር ከማለቷ ጫማ ሰፊው ወረቀቱን አስገባ።

«ጌታው፣ እኔንም ይጠርጥሩኝ።»

«አንተን ደግሞ ምን ብዬ?»

«ፎቶውን ይዩት እስኪ። ይሄ የእኔ ፊት ነው? እዚህ ፊት ላይ ሥጋ አለ።»

ከእሱ ኋላ የነበሩት አሮጊት ደግሞ አንገታቸውን አስግገው፣ እኔም ዕድሜዬ ላይ የተጻፈውን አላምነውም፣ ባልጠራጠረው ነው የሚገርመኝ አሉ። አቶ ነገ ብዕሩን ይዞ አንዴ ሰልፉን፣ አንዴ ባለ መስታወቱን በር ያያል። እትዬ ጃንጥላ የዚያን መጨረሻ አልጠበቀችም። ድልድዩ ይጠብቃታል።

ፀሐይዋ ድልድዩ ላይ ለጥ ብላለች። ባሏ የቆመው ከስንተኛው ምሰሶ ሥር እንደሆነ አታውቅም፤ ስለዚህ ሁሉም ምሰሶ ሥር የቆመ ይመስላታል። ሁለት ፖሊሶች አስቆሟት፤ አንዱ ጎልማሳ፣ አንዱ ገና ጢም ያላወጣ።

«ወረቀት?»

ብጣሹን ሰጠቻቸው። ልጅ እግሩ ጮክ ብሎ አነበበ። «የዚህች ሴት የጉዞ ወረቀት ስላጠራጠረ ለምርመራ በዚህ ቢሮ ተይዟል። ስትጠራ ትቅረብ።» ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ ውስጥ ደስታ አለ፤ ተጠርጣሪ አግኝቷል። ልንጭናት ነው አይደል ብሎ ታላቁን ጠየቀው። ጎልማሳው ብጣሹን ነጥቆ ማኅተሙን ወደ ፀሐይ ያዘ፤ ገለበጠ፤ አሸተተው ማለት ይቻላል። እትዬ ጃንጥላ ጫማቸውን ታያለች። ጥቁር ነው፣ የተወለወለ።

«የቢሮው ናት» አለ ጎልማሳው በመጨረሻ። «እኛ ብናሻግራት ነገ ተጠርጣሪዬን የት አደረሳችሁብኝ ሊሉን ነው።» ብጣሹን መለሰላትና ጣቱን ቀሰረባት። «ሂጂ። ከከተማው እንዳትወጪ።»

ባሏን ከከተማው ያስወጡት እዚሁ ድልድይ ላይ የቆሙ ሰዎች ናቸው። እሷን እንዳትወጪ አሏት። እቤቷ ስትደርስ ልጇ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃታለች፤ ሁለቱም ተያይዘው ገቡ።

ከዚያ በኋላ እየተጠራች ሁለት ሦስት ጊዜ ቀረበች። መርማሪው ሰሙን ፋቀ፣ ዘይቱን አሸተተ፣ ጃንጥላ ጠጋኝ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ነኝ አለች፣ አለቀ። አዲስ ወረቀት ተጻፈላት። ሪዛሙ ቀጥ ብሎ ተለጠፈ፤ የመመለሻው ማኅተምም ከሥሩ አረፈ። አቶ ነገ ሲሰጣት «ብጣሿን መልሺ» አላት። ጠፋችብኝ አለችው። ተጠራጥሮ ረጅም ጊዜ አያት። እሷም አየችው። ተላመዱ ማለት ነው።

እህቷ ዘንድ በባቡር ሄደች። ታላቅየዋ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ በመስኮቱ ብርሃን በኩል አቀረበቻትና፣ ጥላ ብቻ በቀራት ዓይን አንድ በአንድ ፊቷን አየችው። ጉንጯን፣ አገጯን በጣቷ ዳሰሰች።

«አርጅተሻል» አለቻት።

«አንቺ ነሽ ደብዝዘሽ የምታዪኝ።»

«ትቀሪያለሽ?»

እትዬ ጃንጥላ ወረቀቷን አውጥታ የእህቷን ጣት ማኅተሙ ላይ አሳረፈችው። የሚዳሰስ ነገር አልነበረውም፤ እህቷ ግን ገባት። ልጅሽ መቼ ነው የምትወልደው ብላ ጠየቀቻት። ከዚያ ወዲያ ቅሪ አላለቻትም። ሲለያዩ ግን ጉበኑ ላይ የተቀመጠችው፣ በዱላዋ ተደግፋ፣ ታላቅየዋ ነበረች።

በመመለሻዋ ድንበር ላይ ያለው ሰው ማኅተሙን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው። አልለቀቀም። እለፊ አላት። ልጇ በወለደች ዕለት እጇን የያዘቻት እናቷ ናት። ስታምጥ «እዚህ ነሽ?» ትላለች በየመሐሉ፤ «እዚህ ነኝ» ትላታለች እናትየው፤ ልጅየዋም ዓይኗን ገልጣ ታረጋግጣለች። ሕፃኗ ስትወጣ አያቷ ወደ ብርሃኑ ይዛ ገልብጣ አየቻት።

ከዚያ ዘመን ወዲህ አገር አልባው ሁሉ ወረቀቱን ሲያስረክብ ብጣሽ ይጠይቃል፤ አቶ ነገም እያጉረመረመ ይጽፋል። ሰልፉ በፀሐይም ይያዝ ጀመር። ጃንጥላ የሚዋሰው ሰው አነሰ፤ ግድግዳዋ ላይ ባርኔጣ ጠፋ። ጫማ ሰፊውስ ቢባል፣ ጆሮ ጠቢ ነው አይደለም የሚለውን ነገር እስከ መጨረሻው አልቆረጠችበትም። ጃንጥላውን ግን በነፃ ትጠግንለት ነበር፤ ጠግናም ስትሰጠው ባርኔጣውን አትይዝም።

አዲሱን ወረቀት አንድም ቀን ሰም አላስነካችውም፤ እንደማንኛውም ሰው ወረቀት ከዳሩ እየተበላ፣ ከእጥፋቱ እየሳሳ ሄደ። ያቺን የጠፋች ብጣሽ ግን አውጥታ፣ ከእንግዲህ ማኅተም የሚመታባት የለም ብላ፣ በተልባ ዘይት በቀለጠ ሰም ከፊትም ከኋላም አሸቻትና ደረቷ ውስጥ መልሳ ከተተቻት።